ካኖሳ፦ ንጉሥ በባዶ እግሩ የቆመበት ደጅ

በሰሜን ጣሊያን፣ ሬጂዮ ኤሚሊያ ከምትባለው ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ሰፊው ሜዳ አልቆ የአፔኒን ተራሮች ሽቅብ መውጣት በሚጀምሩበት አካባቢ ካኖሳ የምትባል የገጠር መንደር አለች። በዙሪያዋ ጎርፍ የሸረሸራቸው ግራጫ ጉብታዎችና እዚህም እዚያም የተበታተኑ የገበሬ ቤቶች ይታያሉ። ከመካከላቸው አንድ ነጭ የአሸዋ ድንጋይ ዐለት ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል። በዐለቱ አናት ላይ የፈረሰ ግንብና የፈረሰ ገዳም አለ። ያልተነገረው ሰው ቢያልፍበት ዞር ብሎም ላያየው ይችላል።

ይሁን እንጂ የዚህች መንደር ስም በጀርመኖችና በጣሊያኖች አፍ እንደ ምሳሌ ይነገራል። «ወደ ካኖሳ ሄደ» ሲሉ፣ ሰውየው ኩራቱን ዋጥ አድርጎ፣ ብዙ ጊዜም ሳይወድ በግድ፣ የበደለውን ሰው ይቅርታ ለመለመን ሄደ ማለታቸው ነው። ንስሐ በመድረኮቻችን ብዙ የሚሰበክበት፣ በየቤታችን ደግሞ ባልና ሚስት «አንተ ጀምር»፣ «አንቺ ጀምሪ» እየተባባሉ ይቅርታ የሚዘገይበት ጉዳይ ስለሆነ፣ ውድ አንባብያን፣ የዚህችን መንደር ታሪክ አብረን ብናየው ይጠቅመናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሸሸች መበለት

ግንቡን ወደ 940 ገደማ ያሠራው አዳልበርት አቶ የተባለ ባላባት ነው። ቦታውን የመረጠበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው፤ ዐለቱ ራሱ ምሽግ ነው። ግንቡ ታዋቂ የሆነው ግን በጦርነት ድል ሳይሆን አንዲት ሴት በማስጠለሉ ነበር።

በ950 የጣሊያን ንጉሥ ሎታር በድንገት ሞተና ሚስቱ አደላይድ ገና በሃያ ዓመት ዕድሜ ገደማ መበለት ሆነች። ዙፋኑን የያዘው ቤሬንጋር ልጁን እንድታገባ ፈለገ፤ ሕዝቡ ይወዳት ስለ ነበር በእርሷ በኩል መንግሥቱ ይጸናልኛል ብሎ ነው። እምቢ ስትል አሰራት። በ951 የበጋ ወራት ከእስር አመለጠች፤ በሬጂዮ ጳጳስ ርዳታም ካኖሳ ደረሰች። አንድ ቄስ ከሥር ጉድጓድ ቆፍሮ እንዳስወጣትና በመንገድ ላይ በእህል ማሳ ውስጥ ተደብቃ ከአሳዳጆቿ እንደ ተረፈች የቆዩ ትረካዎች ይናገራሉ። አዳልበርት አቶ ኃያል ንጉሥ ሊቆጣው እንደሚችል እያወቀ ደጁን ከፈተላት። የጀርመኑ ንጉሥ ኦቶ ቀዳማዊ ተራራውን ተሻግሮ መጣ፤ በዚያው ዓመት በፓቪያ ከተማ ተጋቡ። ከዚያ በኋላ የካኖሳ ቤተሰብ እየገነነ ሄደ፤ ሬጂዮንና ሞዴናን፣ በኋላም ማንቱዋን ያዘ።

አዳልበርት አቶ ከግንቡ ቅጥር ውስጥ በቅዱስ አፖሎኒዮ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠራ። በመጀመሪያ አሥራ ሁለት ካህናት ያገለግሉበት ነበር፤ ኋላ የቤኔዲክት ሥርዐት መነኮሳት የሚኖሩበት ገዳም ሆነ። ወታደሩና መነኩሴው በአንድ ቅጥር ይኖሩ ነበር ማለት ነው። አንዱ በር ይጠብቃል፤ ሌላው መዝሙረ ዳዊት ይደግማል። የቤተሰቡ አባቶችም የተቀበሩት በዚያ ነው።

ሚስቱን ሊፈታ የፈለገው ወጣት

የካኖሳን ዋና ታሪክ ለመረዳት ወደ ጀርመን አገር መሻገር ይኖርብናል፤ በካኖሳ ደጅ የቆመው ሰው ከዚያ ነውና የመጣው።

ሄንሪ አራተኛ በ1050 ተወለደ። አባቱ በ1056 ሲሞት ገና ስድስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ሳለ ነገሠ። እናቱ አግነስ እንደራሴ ሆነች፤ ነገር ግን በ1062 የኮሎኙ ሊቀ ጳጳስ አኖ ልጁን በጀልባ አሳፍሮ ወሰደው። ልጁ የሚያደርጉትን ዐይቶ ከጀልባው ወደ ወንዝ ዘሎ እንደ ነበርና ከመስጠም በሰው ርዳታ እንደ ተረፈ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ያሳደጉት የቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ናቸው። ሰው ሲያድግ ለምን እንዲህ ሆነ ብለን ስንጠይቅ አስተዳደጉን ማየት ደግ ነው፤ ይህ ልጅ የካህን እጅ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በ11 ዓመቱ ተምሯል።

ሚስቱን የመረጠው እርሱ አይደለም። የሳቮይዋ ቤርታ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለች፣ በ1055፣ ታጨችለት። ከእናቷ ቤት ወጥታ በባዕድ አገር በጀርመን ቤተ መንግሥት አደገች። በ1066 ሲጋቡ እርሱ 15 ዓመቱ ነበር፤ እርሷም ከዚያ አትበልጥም። የሀገራችን አንባቢ ያለ ፈቃድ የተዳሩ ልጆችን ታሪክ በቅርብ ስለሚያውቅ፣ ይህ ጋብቻ እንዴት እንደ ጀመረ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

በ1069 ሄንሪ መኳንንቱን ሰብስቦ ሚስቱን መፍታት እንደሚፈልግ ተናገረ። ያቀረበው ምክንያት የሚገርም ነው። ቤርታ በደለችኝ አላለም፤ እንዲያውም አንድም ጥፋት እንዳላገኘባት መሰከረ። አብሯት መኖር ብቻ እንደማይችል፣ እንደ ባልና ሚስትም እንዳልተገናኙ ተናገረ። ከሮም የተላከው ፔትሮስ ዳሚያኒ የተባለ አረጋዊ መነኩሴ ወደ ፍራንክፈርት መጥቶ በጉባኤው ፊት ነገሩ ለክርስቲያን የማይገባ፣ ለንጉሥ ደግሞ ይልቁን የማይገባ ነው አለው። ይህን ካደረግህ የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ ከሮም አታገኝም ሲልም አስጠነቀቀው። መኳንንቱም የመነኩሴውን ቃል ደገፉ። ሄንሪ ተሸነፈ፤ ሊያወርደው ያልቻለውን ሸክም እንደሚሸከም ተናግሮ ወጣ ይባላል።

«ሸክም» የተባለችው ቤርታ ምን እንደ ተሰማት የጻፈ የለም። የምናውቀው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በቀጣዩ ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ከዚያም ሌሎች ልጆች ተከተሉ። በ1074 ኮንራድ የተባለው ወንድ ልጃቸው ተወለደ። ቤርታም ከባሏ ጎን አልተለየችም።

በሮምና በንጉሡ መካከል የነበረው ጠብ

በ1073 ሂልደብራንድ የተባለ ጽኑ ሰው ግሪጎሪ ሰባተኛ ተብሎ ፓፓ ሆነ። የጠቡን ዝርዝር ሁሉ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። ፍሬ ነገሩ ጳጳሳትን ማን ይሹማቸው የሚለው ነው። ነገሥታቱ ለጳጳሱ ቀለበትና በትር ሰጥተው ይሾሙ ነበር፤ ሹመቱም አንዳንዴ በገንዘብ ይሸጥ ነበር። ፓፓው ይህ እንዲቀር ፈለገ። ሹመትን በገንዘብ መግዛት እንዲቀር መፈለጉ መልካም ነው፤ በዚህ እኛም እንስማማለን።

አብሮት የመጣው ሌላው ሕግ ግን ቤተሰብን የሚነካ ነበር። በ1074 በሮም በተደረገ ጉባኤ ሚስት ያላቸው ካህናት እንዳያገለግሉ ግሪጎሪ የቀደመውን ክልከላ አጠበቀ። በዚያን ዘመን በጀርመንና በሰሜን ጣሊያን ብዙ የአጥቢያ ካህናት ሚስትና ልጆች ነበሯቸው። ትእዛዙ በጀርመን ሲነበብ ካህናቱ እጅግ ተቆጡ። የአገልጋይ ሚስት የሆናችሁ እኅቶች ይህን ስታነቡ ምን እንደሚሰማችሁ እገምታለሁ። የሚያስገርመው ነገር፣ በፍራንክፈርት ለቤርታ ጋብቻ የተሟገተው ያው ፔትሮስ ዳሚያኒ ስለ ካህናት ሚስቶች እጅግ ክፉ ቃል የጻፈ ሰው መሆኑ ነው። የንጉሥን ትዳር ያዳነ አንደበት የቄስን ትዳር ያፈርስ ነበር።

በጥር 1076 ሄንሪና ጳጳሳቱ በዎርምስ ተሰብስበው ግሪጎሪን ከሥልጣንህ ውረድ አሉት። በየካቲት ግሪጎሪ ንጉሡን አወገዘው፤ ሕዝቡም ለእርሱ ከገባው የታማኝነት መሐላ ነጻ እንደሆነ ዐወጀ። ሄንሪ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣብኛል ብሎ አላሰበም ነበር። ጳጳሳቱ አንድ በአንድ ከዱት። መኳንንቱም በጥቅምት ተሰብስበው፣ ውግዘቱ አንድ ዓመት ሳይሞላው ካልተነሣለት ንጉሣችን አይሆንም አሉ። ለየካቲት 2 ቀን 1077 በአውግስቡርግ ጉባኤ ቀጠሩ፤ ፓፓውንም ጋበዙ። ሄንሪ የቀረው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር።

የክረምቱ መንገድ

የዚያ ዓመት ክረምት እጅግ ከባድ ነበር። የራይን ወንዝ ከኅዳር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ መግቢያ ድረስ እንደ ድንጋይ ጸንቶ እንደ ነበር ላምበርት የተባለ የሄርስፌልድ ገዳም መነኩሴ ጽፏል። ላምበርት ሄንሪን አይወደውም፤ ስለዚህ የሚለውን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም። ስለ ጉዞው የጻፈው ግን ማንም ያነበበው የማይረሳው ነው።

ጠላቶቹ ሌሎቹን የተራራ መተላለፊያዎች ስለ ዘጉበት ሄንሪ በሞን ሰኒ በኩል ለመሻገር ተነሣ። ያ መንገድ የአማቱ የቶሪኖዋ አደላይድ ግዛት ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ልጇን ያለ ጥፋቷ ሊያባርራት የነበረው ሰው አሁን መንገድ አሳልፊኝ ብሎ ደጇ ቆመ። አማቲቱ በክብር ተቀበለችው፤ ዋጋ ግን አስከፈለችው፤ መሬት ሳይሰጥ አልተሻገረም። አማት ናትና ማን ይፈርድባታል?

ወደ ላይ ሲወጡ በረዶውን የሚጠርጉ የአገሩ ሰዎች ተቀጠሩ። ቁልቁለቱ ግን ከሁሉ የከፋ ሆነ። ወንዶቹ አንዳንዴ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳኹ፣ አንዳንዴም የመሪዎቻቸውን ትከሻ ይዘው ወረዱ። ንግሥቲቱንና አብረዋት የነበሩትን ሴቶች በበሬ ቆዳ ላይ አስቀምጠው ጎተቷቸው። ፈረሶቹን እግራቸውን አስረው ሲያንሸራትቱ ብዙዎቹ ሞቱ። ቤርታ በዚያ የበሬ ቆዳ ላይ ነበረች፤ ትንሹ ኮንራድም ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆም እወዳለሁ። የታሪክ መጻሕፍት ካኖሳን የፓፓና የንጉሥ ታሪክ አድርገው ይጽፉታል። ቤርታ በአንድ መሥመር ታልፋለች። ነገር ግን ሁሉ በከዳው ጊዜ፣ ጳጳሳቱ ሲሸሹ፣ መኳንንቱ ሌላ ንጉሥ ሲፈልጉ፣ አብራው በረዶ የተሻገረችው «አልፈልጋትም» ያላት ሚስቱ ናት። እናቷ ዘንድ ስትደርስ እዚያው መቅረት ትችል ነበር።

ሦስቱ ቀናት

ፓፓው ወደ አውግስቡርግ ሲጓዝ ማንቱዋ ደርሶ ነበር። ሄንሪ ተራራውን ተሻገረ የሚል ወሬ ሲሰማ ጦር ይዞ የመጣ መሰለውና ወደ ካኖሳ ግንብ ዞረ። የሰሜን ጣሊያን ጳጳሳትና ባላባቶችም እንደዚያው ስለ መሰላቸው ሄንሪን በደስታ ተቀብለውት ነበር። እርሱ ግን ወደ ጦርነት አልሄደም።

የግንቡ ባለቤት በዚያን ጊዜ የአዳልበርት አቶ የልጅ ልጅ ልጅ ማቲልዳ ነበረች። የ30 ዓመት ሴት ናት። አባቷ በ1052 በአደን ላይ ተገደለ፤ ወንድሟና እኅቷም በልጅነታቸው ሞቱ። የእንጀራ አባቷን ልጅ፣ ጎባጣው የሚባለውን ጎድፍሬይን አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር፤ ሕፃኗ ሳታድግ ሞተች፤ ትዳሩም አልሰመረም፣ ትታው ወደ ጣሊያን ተመለሰች። በ1076 የካቲት ባሏ ተገደለ፤ በሚያዝያ እናቷ ሞተች። እንግዲህ ፓፓና ንጉሥ በደጇ ሲገናኙ፣ አስታራቂዋ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሐዘን የተቀመጠች ሴት ነበረች። ለፓፓው ታማኝ ናት፤ ለንጉሡ ዘመዱ ናት።

ከአስታራቂዎቹ መካከል የክሉኒ ገዳም አበምኔት ሁግ ይገኝበታል፤ ሄንሪን ክርስትና ያነሣው እርሱ ነው። የቤርታም እናት አደላይድ መጥታ ነበር። የካኖሳ ገዳም መነኩሴ ዶኒዞ እንደሚተርከው፣ አበምኔቱ ይህን ነገር ልትፈጽም የምትችለው ማቲልዳ ብቻ ናት ባለ ጊዜ ንጉሡ ፊቷ ተንበረከከ። በዶኒዞ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጂ ላይ ይህ በቀለም ተሥሏል፤ መጽሐፉ አሁን በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ንጉሡ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኳል፣ አበምኔቱ በትሩን ይዞ ተቀምጧል፣ ማቲልዳም እጇን ዘርግታ ተቀምጣለች። ፓፓው በሥዕሉ ውስጥ የለም።

ጥር 25 ቀን 1077 ሄንሪ ወደ ግንቡ ደጅ መጣ። ቀኑ የጳውሎስ መለወጥ የሚታሰብበት በዓል ነበር። የንግሥና ልብሱን አውልቆ፣ የሱፍ ልብስ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ቆመ። ግንቡ ሦስት ዙር ቅጥር ነበረው፤ ሄንሪ ከሁለተኛው ቅጥር እንዲገባ እንደ ተፈቀደለት ላምበርት ይናገራል። ቀኑን ሙሉ ቆመ፤ አልተከፈተለትም። በሁለተኛውም ቀን አልተከፈተለትም። በሦስተኛውም እንዲሁ። ሌሊት ሌሊት ከዐለቱ ሥር ያርፍ እንደ ነበር ብዙ የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። ጥር 28 ቀን በሩ ተከፈተ፤ ውግዘቱም ተነሣ። ማቲልዳና አማቱ አደላይድ ከምስክሮቹ መካከል ነበሩ።

ከውስጥ ሆኖ ምን ይታይ ነበር?

ስለ እነዚህ ሦስት ቀናት ከሁሉ የሚያስደንቀውን ምስክርነት የጻፈው ፓፓው ራሱ ነው። ለጀርመን መኳንንት በላከው ደብዳቤ ንጉሡ እያለቀሰ ምሕረት እንደ ለመነ ይናገራል። በግንቡ ውስጥ የነበሩት ሁሉ እጅግ ዐዝነው በእንባ እንደ ለመኑለት፣ አንዳንዶችም ይህ የሐዋርያ ጽናት ሳይሆን የጨካኝ ገዥ ጭካኔ ነው ብለው እንደ ወቀሱት አልደበቀም። መኳንንቱ ወዳጃችን ከዳን እንዳይሉት ራሱን ለመከላከል የጻፈው ነው፤ ሆኖም ያን ወቀሳ በገዛ እጁ አስፍሮታል።

እኔ ለግሪጎሪ ማዘን የሚገባ ይመስለኛል። በአንድ በኩል በደጁ የሚያለቅስ ሰው አለ፤ ካህን ነኝ የሚል ሰው የሚያለቅስን ሰው መመለስ አይችልም። በሌላ በኩል ይህ ሰው ነገ ቃሉን እንደሚያፈርስ ይጠረጥራል፤ ጀርመኖቹም በአውግስቡርግ እየጠበቁት ነው። ፖለቲካው አትክፈት ይለዋል፤ የተሾመበት አገልግሎት ክፈት ይለዋል። የችግሩ ሥር ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። የእግዚአብሔርን ምሕረት ቁልፍ አንድ ሰው በሦስት ቅጥር ውስጥ ይዞት መቀመጡ ራሱ መሆን ያልነበረበት ነገር ነው። ዳዊት በበደለ ጊዜ ንስሐ ለመግባት ተራራ አልተሻገረም።

ሄንሪስ? ከልቡ ነበር? ሰውየው ስሌት እንደ ነበረው ግልጽ ነው፤ ዓመቱ ሊሞላ የቀሩት ቀናት ጥቂት ነበሩ። በዚያው ዘመን የኖረው የሉካው ጳጳስ ራንጌሪዮ ስለ ዕርቁ ማዕድ የጻፈው ነገር አለ፤ ንጉሡ ሳይናገርና ምግቡን ሳይነካ ገበታውን በጥፍሩ ይፍቅ ነበር ይላል። ይህ ዕርቅ ያገኘ ሰው ገጽታ አይደለም። ባለትዳሮች ይህን ምልክት ያውቁታል፤ «ይቅር ተባባልን» ከተባለ በኋላ በገበታ ላይ የሚወርደው ዝምታ ነው። ነገር ግን ስሌት ያለበት እንባ ሁሉ ሐሰት ነው ማለትም ይከብደኛል። በጥር ብርድ ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ዙፋኑ ብቻ ያስብ ነበር ብሎ ማን ይምላል?

በሩ ከተከፈተ በኋላ

ዕርቁ ብዙ አልቆየም። መኳንንቱ በመጋቢት 1077 የሄንሪን ሌላ ባላጋራ አነገሡ፤ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። በ1080 ግሪጎሪ ሄንሪን ለሁለተኛ ጊዜ አወገዘ። በዚህ ጊዜ ሄንሪ ወደ ካኖሳ አልሄደም፤ ሌላ ፓፓ አስመረጠና ጦር ይዞ ሮም ገባ። በ1084 በፋሲካ ዕለት የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ ጫነ፤ ቤርታም አብራው ተቀባች። ግሪጎሪ በኖርማኖች ርዳታ ከሮም ወጥቶ በ1085 በሳሌርኖ በስደት ሞተ።

ማቲልዳ ከግሪጎሪ ጎን አልተለየችም። በ1082 በካኖሳ ገዳም የነበረው የወርቅና የብር ንዋየ ቅድሳት ቀልጦ ለፓፓው ወደ ሮም ተላከ፤ 700 ሊብራ ብርና 9 ሊብራ ወርቅ ወጣው። ያለፉት ትውልዶች ለገዳሙ የሰጡት ሀብት ለጦርነት ዋለ ማለት ነው። በ1092 ሄንሪ ጦር ይዞ ወደ ካኖሳ ተመለሰ። በዚያ በጥቅምት ጭጋግ ውስጥ የማቲልዳ ሰዎች ጦሩን አባረሩት። ዶኒዞ እንደሚለው ውጊያው ሲካሄድ አበምኔቱና መነኮሳቱ በግንቡ ውስጥ መዝሙር ይዘምሩ ነበር፤ የተማረከው የንጉሡ ዓርማም በገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰቀለ። በ15 ዓመት ውስጥ ያው ሰው ወደ ያው ደጅ አንድ ጊዜ በባዶ እግሩ፣ አንድ ጊዜ በፈረስ መጣ።

ቤርታ ይህን አላየችም። በታኅሣሥ 1087 በ36 ዓመቷ ገደማ ሞታ ነበር። ከእርሷ በኋላ የሄንሪ ቤት ፈረሰ። በ1089 ያገባት የኪየቧ ኤውፕራክሲያ በማቲልዳ ረዳትነት አምልጣ በ1095 በፒያቼንሳ ጉባኤ ፊት በባሏ ላይ መሰከረች። በበረዶ የተሻገረው ሕፃን ኮንራድ በ1093 በአባቱ ላይ ዐመፀ። ታናሹ ልጅ ሄንሪም በ1104 ዐምፆ አባቱን አስሮ ዘውዱን አስረከበው። አባቱ በ1106 በሊዬዥ ከተማ፣ ዳግመኛ ከውግዘቱ ሳይፈታ ሞተ። አስከሬኑ በስፓየር በአንዲት ገና ያልተቀደሰች የጸሎት ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ቆየ። በ1111 ውግዘቱ ከሞተ በኋላ ተነሣለትና በስፓየር ካቴድራል ቤርታ ካለችበት መቃብር ስፍራ ተቀበረ።

ማቲልዳም ከዚያ ወዲህ በ1089 ከእርሷ በጣም የሚያንስ ወጣት በፖለቲካ ምክንያት አግብታ ነበር፤ ያም ፈረሰ። ልጅ ሳትተካ በ1115 ሞተች። ዶኒዞ በግጥም የጻፈላትን ታሪክ ሊሰጣት ሲጠባበቅ የሞቷን ወሬ ሰማ። በመጽሐፉ ውስጥ የካኖሳ ግንብ እንደ ሰው ይናገራል፤ የማቲልዳን አባት አስከሬን ማንቱዋ እንዴት ትወስድብኛለች ብሎም ከከተማይቱ ጋር ይከራከራል። ማቲልዳም ካኖሳ አልተቀበረችም፤ በፖ ወንዝ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ቤኔዲክት ገዳም አረፈች። ከ500 ዓመት በኋላ፣ በ1630ዎቹ፣ ፓፓ ኡርባን ስምንተኛ አፅሟን ወደ ሮም አስመጥቶ በቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል አኖረው። በመቃብሯ ላይ የተቀረጸው ሄንሪ በካኖሳ ተንበርክኮ ነው።

እያንዳንዱ እንደ ፈለገው

ሮም ያንን ትዕይንት በዕብነ በረድ ስትቀርጸው፣ ፕሮቴስታንቶች ቀድመው በእንጨት ቀርጸው አትመውት ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ፎክስ ስለ ሰማዕታት በጻፈው መጽሐፍ የ1570 እትም ላይ ሄንሪ በካኖሳ በር ላይ በባዶ እግሩ ቆሞ ይታያል፤ ሚስቱና ልጁም አብረውት ቆመዋል። ለፎክስ አንባብያን ሥዕሉ የፓፓን ትዕቢት ያሳያል። ቤርታ በበሩ አብራው እንደ ቆመች ግን ፓፓውም ሆነ ዶኒዞ አልጻፉም። የሆነ ሆኖ ሠዓሊው እርሷን አልረሳትም፤ በዚህ ከብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ይሻላል እላለሁ።

በ1872 ደግሞ የጀርመኑ መሪ ቢስማርክ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር በተጣላ ጊዜ በምክር ቤት ቆሞ በሥጋም በመንፈስም ወደ ካኖሳ አንሄድም አለ። ንግግሩ እጅግ ተወደደ፤ በ1877 በሃርዝቡርግ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመለት። ይቅርታ አለመጠየቅ የሕዝብ ኩራት ሆነ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ቢስማርክ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሮም ጋር ታርቆ ካወጣቸው ሕጎች ብዙዎቹን ሻረ።

ግንቡ ዛሬ

ግንቡን ያፈረሱት ንጉሥም ፓፓም አይደሉም። በ1255 የሬጂዮ ከተማ ሰዎች ወጥተው አፈረሱት። ኋላ ቢጠገንም የቀደመ ክብሩ አልተመለሰም፤ ዐለቱም እየተናደ ከግንቡ ብዙውን ክፍል ይዞት ወርዷል። የጣሊያን መንግሥት በ1878 ፍርስራሹን ገዝቶ የሀገር ቅርስ አደረገው። በዚያው ጊዜ ቁፋሮ ተደረገ፤ የተገኙት ዕቃዎችም ናቦሬ ካምፓኒኒ በተባለ የአካባቢው ታሪክ አጥኚ ስም በተሰየመ ትንሽ ቤተ መዘክር ውስጥ በዐለቱ ላይ ተቀምጠዋል። ከእነርሱም መካከል ከድንጋይ የተጠረበ የጥምቀት ገንዳ ይገኛል። ከገዳሙ የቀረው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የነበረው ክፍልና ጥቂት ግድግዳ ነው።

ከአናቱ ላይ ሆኖ ለሚመለከት፣ ከፊት ለፊት በቀላ ዐለት ላይ የሮሴና ግንብ ሙሉ ሆኖ ይታያል። እርሱም የዚሁ ቤተሰብ ነበር። ከሮሴና ባሻገር ያለው የፖ ሜዳ ነው፤ ሄንሪና ቤርታ በ1077 የመጡት በዚያ በኩል ነው።